«ጥሩ ነው» የተባለው ጠላ

ስሙኝማ! ስለ ቢራ ሲወራ ሁላችንም ሊቅ ነን። አንዱ «ይሄኛው ራስ ያማል» ይላል፤ ሌላው «ያኛው አረፋው እንጂ ሆዱ ባዶ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ጊዮርጊስን ፋብሪካው ከተቋቋመበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠጣ የኖረ ይመስል የየዘመኑን ጣዕም የሚዘረዝርልን አዋቂም አይጠፋም።

ጠላ ላይ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ እውቀት የት እንደሚገባ እንጃ። ዘመድ ቤት ቀረበልን፣ ዝክር ላይ ቀመስን፣ ጠላ ቤት ገብተን ከፍለን ጠጣን፣ ያለችን ቃል አንዲት ናት፤ «ጥሩ ነው!» የመረረውም፣ የኮመጠጠውም፣ የቀጠነውም «ጥሩ ነው»። ወይ ደግሞ ጭራሽ ሳንቀምሰው እንንቀዋለን። ቀምሶ፣ አመዛዝኖ፣ «ይሄ እንዲህ ይዟል፣ ይሄኛው ግን ይህ ይጎድለዋል» ማለትን ለቢራ ብቻ ትተነዋል።

ይህን የምለው በሰው ለመፍረድ አይደለም። ዋናው ጥፋተኛ እኔው ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

በ2010 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር ከደብረ ብርሃን ተነስተን በደብረ ሲና አድርገን ሸዋ ሮቢት ወረድን። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ጋቢ ደርበህ ተነስተህ በሸሚዝ የምትደርስበት መንገድ ነው። ወዳጄ «በየከተማው አንድ አንድ ጠላ ቤት ገብተን እናወዳድር» አለ። ምልክቱ እንደሆነ አይጠፋም፤ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ ፈልጎ መግባት ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የብርድና የገብስ አገር ናት። የዳሽንም የሐበሻም ፋብሪካ እዚያ አለ። ሐበሻ በ2007 ዓ.ም. ገበያ ከገባ ወዲህ ከተማዋ በቢራም ትጠራለች። እናላችሁ፣ አንዱ ገብስ በከተማዋ ዳር በብረት ጋን፣ በየጓሮው ደግሞ በሸክላ ጋን ይጠመቃል። የገባንበት ቤት ጠላ ጠቆር ያለ ነው። አሻሮው በደንብ ተቆልቷል። መጀመሪያ የወይራው ጭስ ይመጣል፣ ቀጥሎ ገብሱ፣ የጌሾው ምሬት ከዋጡት በኋላ ነው የሚደርሰው። ባለቤቷ ጋኑን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ ከጥንስስ እስከ ድፍድፍ ያለውን ሳይቸኩሉ እንደሚሠሩ ነገሩን። «ብርድ ነው ልጄ፣ ቢቸኩሉትም አይቸኩል» አሉ። ልክ ናቸው፤ ብርዱ እርሾውን ያዘገየዋል፣ የዘገየ ጠላም ጣዕሙ ይሰክናል። እንከኑን ካነሳን ጭሱ በዝቷል። ከሁለተኛው ጣሳ በኋላ ገብሱ ተሸፍኖ የሚቀረው ወይራው ብቻ ነው።

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሰን ደብረ ሲና ስንደርስ ሁለተኛዋን ጣሳ አገኘን። ቤቱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። አንዲት ጠና ያሉ እናት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሌላ ጠጪ የለም። ከጥግ አንድ ትልቅ ጋን አለ፤ ሲቀዱ ጎንበስ ብለው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ከተቱ። ጋኑ መጉደሉን ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። ጠላው ጠርቷል፣ መልኩ ያምራል። የደብረ ሲና ቆሎም አብሮ ቀረበ። ቀመስኩት። ኮምጣጤ ሆኗል! ወዳጄን አየሁት፣ አየኝ።

«እንዴት ነው ልጆቼ? እውነቱን ንገሩኝ» አሉ።

እኔ ምን አልኩ? «ጥሩ ነው እትዬ!»

ወዳጄም «እጅዎት ይባረክ» ብሎ ጨመረበት። ሁለታችንም እንደምንም ጨረስን፣ ሒሳባችንን ከፈልን፣ እያመሰገንን ወጣን። በር ላይ ደርሰን «ድገሙ እንጂ» ሲሉን መንገድ አሳበብን። ውጭ ስንወጣ ሳቅን። አዎ፣ ሳቅን።

ሸዋ ሮቢት ሞቃት ናት። ጠላውም የማሽላ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ጌሾው ብዙ ያልጠነከረበት። (ከአልኮል ለሚርቅ እንግዳ ደግሞ በአካባቢው የሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ከተቆላ ገብስ የሚሰናዳው ቀሪቦ አለ።) በዚያ ሙቀት ጠላ ቶሎ ይበላሻል ብዬ ነበር የገባሁት። ያገኘሁት ግን የቀኑን ምርጥ ጠላ ነው። ኮምጠጥ ይላል፤ ግን የሚያነቃ ኩምጠጣ እንጂ የተበላሸ አይደለም። ሚስጥሩን ብጠይቃት ወጣቷ ባለቤት ጥግ ላይ የተደረደሩትን አሳየችኝ። አንድ ትልቅ ጋን ሳይሆን አራት ትናንሽ እንስራዎች! «አንዱ ሲከፈት በሁለት ቀን ያልቃል። ሌላው እንደተደፈነ ነው ጋሼ» አለችኝ።

እዚያው ነው ሳቄ የጠፋው። የደብረ ሲናዋ እናት ችግር የእጅ ችግር አይደለም፣ የጋን ችግር ነው! በጠላ ውስጥ እርሾም፣ የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችም አብረው ይኖራሉ። ጋኑ ሞልቶ በደንብ እስከተደፈነ ድረስ ጠላው ይቆያል። ሲጎድልና ቶሎ ቶሎ ሲከፈት ግን አየር ይገባዋል፤ አየር ያገኘው ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል። ጠጪ ሲቀንስ ጋኑ ሳያልቅ ይከርማል፣ ሲከርም ይኮመጥጣል፣ ሲኮመጥጥ ጠጪው ይብስ ይቀንሳል። ከዚህ አዙሪት መውጫው እንስራ መግዛት ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ግን ማን ይንገራቸው? እንደኔ ያለው «ጥሩ ነው» ብሎ ሄዷል፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ምንም ሳይል ቀርቷል።

በማግስቱ ስንመለስ ወርጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። መኪናው ሞልቶ፣ መሽቶብን፣ አላቆምንም። በ2011 ዓ.ም. በዚያው ሳልፍ ግን ወረድኩ። እንጨቱ አለ፤ ጣሳዋ የለችም። የጎረቤት ሴት «ተዉት እኮ፤ ሰው እምቢ አላቸው» አለችኝ። እህሉ፣ ጌሾው፣ ማገዶው ሁሉ ከኪሳቸው የወጣ ነው። ለአንዲት ጠላ ሻጭ አንድ ጋን ተበላሸ ማለት የወር ቀለብ ፈሰሰ ማለት ነው።

የእኔ አንዲት ቃል ታድናቸው ነበር ብዬ አልመጻደቅም። እህል ተወዶ፣ ጎረምሳው ሁሉ ወደ ድራፍቱ ዞሮ፣ ምናልባት መዝጋታቸው አይቀርም ነበር። ግን «እውነቱን ንገሩኝ» ብለው ጠይቀውኝ ነበር እኮ። እኔ ይሉኝታ ያልኩት ነገር፣ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ምን ሆነ?

የምር ግን እናስበው። የቢራ ፋብሪካ ቀማሽ ቀጥሮ፣ ላቦራቶሪ አቁሞ ጉድለቱን በየቀኑ ይሰማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወግድ እንኳ ስማቸውን የማያውቅ አልነበረም። ጠላ ሻጯ ግን ማስታወቂያዋ ጣሳዋ፣ ላቦራቶሪዋም የጠጪው ምላስ ነው። ያ ምላስ ከዋሸ ምን ቀራት?

«የባህል መጠጣችን» እያልን በየስብሰባው ማሞገሱ አይጠቅማትም። ውዳሴውም ንቀቱም ሳይቀምሱ የሚሰጡ ናቸው። እኔ የማውቀው ያወዳደርኩትን ነው። የደብረ ብርሃኑ ጭሱን ቢቀንስ ከሦስቱ አንደኛ ይሆናል። የሸዋ ሮቢቱ ዛሬም ቢሆን አንደኛ ነው። የደብረ ሲናው ደግሞ በደህና እጅ ተሠርቶ በጎደለ ጋን የጠፋ ጠላ ነበር።

ይህን በወቅቱ፣ ለሚመለከታቸው ሰው፣ በአክብሮት መናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። «እትዬ፣ እጅዎት ጥሩ ነው፤ ጋኑ ግን አየር ገብቶታል።» ይኸው ነው። ቅር ይላቸው ይሆናል። ቢበዛ ሁለተኛ ጣሳ አይቀዱልኝም።