ከሱዝ ወንዝ ዳር

ኧርነስት ፍራንሲዮን ከአጎቱ ከኦጉስት አጋሲ የተረከበው የሰዓት ንግድ እንጂ ፋብሪካ አልነበረም። በስዊዘርላንዷ ሳንቲሚዬ ሰዓት የሚሠራው በየቤቱ ነበር፤ ባለሙያው መስኮቱ ሥር አቀርቅሮ ከጤፍ ፍሬ የማትተልቅ ብሎን በሞረድ ይስላል። እጃቸው ይባረክ! ግን የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር በቀላሉ አይገጥምም።

ፍራንሲዮን በ1866 እ.ኤ.አ. በሱዝ ወንዝ ዳር «ሌ ሎንዢን» የሚባል መስክ ገዛ፤ በዓመቱም እነዚያን የተበታተኑ እጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ። የመስኩ ስም እስከ ዛሬ በሎንዢን ሰዓት ገጽ ላይ ይነበባል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ፋብሪካው የሠራው የመጀመሪያው የሰዓት ሞተር ነው። ያኔ አብዛኛው የኪስ ሰዓት የሚሞላው በትንሽ ቁልፍ ነበር፤ ቁልፉ ከጠፋ ሰዓቱም ቆመ ማለት ነው። የእሱ ግን እዚያው ራሱ ላይ ባለች ጉጥ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየተዘወረ ይሞላል፤ በ1867ቱ የፓሪስ ዐውደ ርእይም ተሸለመ።

በ1876 የፋብሪካው መሐንዲስ ዣክ ዳቪድ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፊላደልፊያ ተላከ። ዳቪድ አሜሪካኖቹ በማሽን እንደቀደሟቸው ሳይሸፋፍን ጻፈ። ፍራንሲዮን አልተቀየመም፤ ማሽኖቹን ማሻሻል ጀመረ።