ጋላቢው ሲወደስ ሠሪው እንዳይረሳ
ስለ እሽቅድምድም ሞተር ብስክሌቶች ትዝታ የቀረበ ሂስ

ሰው በእጁ የሠራውን መሣሪያ ሲያስታውስ ሁለት ዓይነት ትዝታ ይተርካል። አንደኛው የድል ቀን ትዝታ ነው፤ ሕዝብ ያጨበጨበበት፣ ባላንጣ የተሸነፈበት፣ ስም የተተከለበት ቀን። ሁለተኛው የሥራ ትዝታ ነው፤ ብረቱ የተሰነጠቀበት ሌሊት፣ ልኩ አንድ ፀጉር ታህል የተሳተበት ጊዜ፣ ባልንጀራ መብራት ይዞ የቆመበት ሰዓት። የመጀመሪያው ለፉከራ ይመቻል፤ ሁለተኛው ዕውቀትን ያወርሳል። የትዝታ ድርሰት የሚመዘነውም ለሁለቱ በሚሰጠው ድርሻ ነው።

ይህ ሚዛን በግልጽ ከሚፈተንባቸው የትዝታ ዘርፎች አንዱ የድራግ እሽቅድምድም ሞተር ብስክሌቶችን የሠሩና የጋለቡ ሰዎች ታሪክ ነው። ነገሩ የባሕር ማዶ ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ ሜዳ፣ አውራ ጎዳና በሚያቋርጣት በሮቢት ለሚያስተምር መምህር ወይም ለሚጽፍ የኪነት ሰው የሚያነሣው ጥያቄ የቅርብ ነው፦ የእጅ ባለሙያው ትዝታ ለምን አይጻፍም?

ድራግ የሚባለው ውድድር በባሕርዩ ቀላል ነው። ሁለት ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ምልክት ሲሰጥ ከቆሙበት ተነሥተው 402 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ መንገድ ይሸመጥጣሉ። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰከንዶች ያበቃል። ለእነዚያ ሰከንዶች ግን ወራትና ዓመታት ይሠራል። ውድድሩ መልክ የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በሳንታ አና የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ መደበኛ ውድድር ተጀመረ፤ በ1951 ደግሞ ብሔራዊው ማኅበር ተቋቋመ። በሳንታ አና መኪኖቹን ሁሉ ያሳፈረው ግን «አውሬው» የሚል ስም የወጣለት ሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ብስክሌት ነበር። የአውሬው ሠሪ ቼት ኸርበርት በፖሊዮ ሕመም ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። የሠራውን ሞተር ሌሎች ጋለቡለት። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም፤ ፍጥነቱ የተወለደው መጋለብ ከማይችል ሰው አእምሮና እጅ ነው።

ስም የማውጣቱ ልማድም ሊስተዋል ይገባል። በኢትዮጵያ ታላላቅ ጦረኞች በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የፈረሱ ስም ወደ ጋላቢው ዞሮ ክብሩ ሆነ፤ ኮርቻውን የሰፋው፣ ልጓሙን የቀጠቀጠው ሰው ግን በስሙ ውስጥ ቦታ አላገኘም። የድራግ ሰዎችም ለብረታቸው እንዲህ ያለ የጦር ስም ያወጣሉ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዝነኛ የነበረው «ሆግስሌየር» ሁለት የኖርተን ሞተሮች በአንድ አካል ላይ የተገጠሙበት ነበር። «ሆግ» የሃርሊ ቅጽል ስም በመሆኑ ትርጉሙ ሃርሊን ገዳይ እንደማለት ነው። ጋላቢው ቲ. ሲ. ክሪስተንሰን፣ ሠሪው ጆን ግሪጎሪ ነበሩ። እዚህ ላይ የሁለቱም ስም አብሮ ተመዝግቧል፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። ተመልካች የሚያስታውሰው በጭስ ውስጥ የሚወነጨፈውን ሰው ቢሆንም፣ የሞያው ሰዎች የሠሪውን ስም አልጣሉም።

ከጽሑፍ ትዝታዎች መካከል ሊጤን የሚገባው የሚሺጋኑ ኢ. ጄ. ፖተር እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ፖተር በሞተር ብስክሌት አካል ላይ ባለ ስምንት ቺሊንድሮ የሸቭሮሌት መኪና ሞተር የገጠመ የገጠር ልጅ ነበር። ኃይሉን ችሎ የሚያስተላልፍ ፍሪሲዮን አልነበረውምና፣ የኋላውን ጎማ በመቆሚያ ከመሬት አንሥቶ በሙሉ ኃይል ያሽከረክረዋል፤ ከዚያ ከመቆሚያው ገፍቶ ያወርደዋል። ጎማው እየተንሸራተተና እየጨሰ ቀስ በቀስ መሬቱን ይይዛል። መንሸራተቱ ራሱ የፍሪሲዮንን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ድህነት የወለደው መላ ወደ ትርኢትነት ተለወጠ፤ ሕዝቡም ጭሱን ለማየት ይከፍል ጀመር።

የፖተር ትዝታ ጥንካሬ ከዚህ ይመነጫል። አንባቢ ጀግና አይደለም የሚያገኘው፤ ችግር የገጠመው ሠራተኛ ነው። ችግሩ ይታወቃል፣ መፍትሔው ይታያል፣ ዋጋውም አይሸሸግም። ድክመቱ ደግሞ «እብዱ» በሚለው ቅጽል ስም ውስጥ ተደብቋል። ትርኢቱ ገበያ ያገኘው በእብደት ስም ነውና ትዝታውም ሳቁን ያበዛል፤ ሳቁም አንዳንድ ጊዜ ጥበቡን ይሸፍነዋል። ያን ሞተር ያቆመው ግን እብደት ሳይሆን ስሌት ነው። ሐያሲ ሊያጎላው የሚገባው ይህንን ነው።

በፊልም የቀረበው ትዝታ ደግሞ ሌላ ችግር ያሳያል። የኒውዚላንዱ በርት መንሮ እ.ኤ.አ. በ1920 የተሠራ 600 ሲሲ ኢንዲያን ስካውት ሞተር ብስክሌቱን ለአሥርተ ዓመታት ሲያሻሽል ኖሮ እስከ 950 ሲሲ አደረሰው። ፒስተኖቹን በአሮጌ ጣሳዎች እያፈሰሰ ሠራ፤ ቢዬላውን ከትራክተር አክስል ቀርጾ አወጣ። የተሰበሩትን ዕቃዎች አልጣላቸውም፤ በመደርደሪያ ላይ ሰብስቦ «ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች» የሚል ጻፈባቸው። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ በአሜሪካ በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሞተሩ መደብ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የቦንቪሉ ሩጫ ከድራግ ይለያል፤ የሚመዘነው ከቆሙበት መነሣት ሳይሆን የመጨረሻው ፍጥነት ነው። የሠሪው ኑሮ ግን አንድ ነው።

ሮጀር ዶናልድሰን ስለዚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ዘጋቢ ፊልም፣ በ2005 ደግሞ አንቶኒ ሆፕኪንስ የተወነበትን ዝነኛ የታሪክ ፊልም ሠራ። የኋለኛው ፊልም ለሰውዬው ፍቅር አለው፤ የብረት ማቅለጡንም ሥራ አልዘነጋም። ነገር ግን ለሴራው ሲል መንሮ በተለያዩ ዓመታት ወደ ጨው ሜዳው ያደረጋቸውን ጉዞዎች ወደ አንድ ጉዞ ጨፈለቃቸው። በዚህም የሥራ ትዝታ ዋና ባሕርይ የሆነው መደጋገም ጠፋ። ሄዶ መመለስ፣ ሰብሮ እንደገና መሥራት፣ ለከርሞ ማሰብ ቀረና ድሉ የአንድ ቀን ተአምር መሰለ። ለወጣት ተመልካች የሚተላለፈው ትምህርትም ተዛባ፤ ትዕግሥት ሊማር የሚገባው ዕድልን ተማረ። መደርደሪያው የተናገረውን ሴራው አልተናገረም።

ሥራውን በትክክል የመመዝገብ ዋጋ ደግሞ በሌላ በኩል ታየ። መንሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ሞተ። በ2014 ልጁ በ1967ቱ ስሌት ላይ ስሕተት መኖሩን አስተዋለ፤ ክብረ ወሰኑም በሰዓት ከ295.45 ወደ 296.26 ኪሎ ሜትር ታረመ። ወረቀቱ ባይቀመጥ እርማት ባልተገኘ ነበር።

አሁን ወደ ሀገር ቤት እንመለስ ቢባል ጥያቄው ይከብዳል። በጋፋት የተሠራው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ስለ ጋፋት ሥራ ከጻፉት አንዱ በዚያ የሠራው የውጭ ሚሲዮናዊ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው። አጠገቡ የቀለጠውን ብረት ያፈሰሱት፣ መንገድ የጠረጉትና ገመድ የሳቡት የሀገሬው ሰዎች ግን የራሳቸውን ትዝታ በጽሑፍ አልተዉም። ምክንያቱ ይታወቃል። ቀጥቃጩ በቡዳነት ሲሰደብ፣ ሸማኔውና ፋቂው ሲናቁ የኖሩበት ኅብረተሰብ ትዝታቸውን ሊጠይቅ አይችልም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልሞተም።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የአብዮት ዘመን ሥዕሉም መዝሙሩም ሠራተኛውን አወድሷል። ሆኖም አብዛኛው ውዳሴ መዶሻ የያዘ ክንድ ሥሎ፣ የክንዱን ባለቤት ስም ሳይጠይቅ አለፈ። ምስል እንጂ ትዝታ አልሰበሰበም። ይህ የዘመኑ ኪነት ጉድለት መሆኑ በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ ስም የሌለው ውዳሴ ከንቀት ብዙ አይርቅምና።

ሮቢት የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአዲስ አበባ አስመራ አውራ ጎዳና በራያ ሜዳ ሲያልፍ መኪናን ብቻ አላመጣም፤ ቋንቋም አመጣ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ቢዬላ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት በጋራዥ ሰው አፍ ገብተው አማርኛ ሆነዋል። ከጭነት መኪናው እስከ ባጃጁ ድረስ የተጠገነው በእነዚህ ቃላት ነው። ቃላቱ አንድ ሙሉ የሞያ ታሪክ መኖሩን ይመሰክራሉ፤ ታሪኩ ግን በድርሰት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በመንገድ ዳር ያለ መካኒክ የጠፋውን መለዋወጫ በምን እንደ ተካ የሚያውቀው እሱና ረዳቱ ብቻ ናቸው። ዕውቀቱ ከአፍ ወደ ጆሮ ይሄዳል፤ ጆሮው ሲጠፋ ይጠፋል።

ስለዚህ የእሽቅድምድም ሞተሮች ትዝታ ለዚህ ምድር የሚያስተምረው ፍጥነትን አይደለም። የሚያስተምረው አጠያየቅን ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ድርሰት ሲያስጽፍ ወደ ጋራዡና ወደ ብየዳ ቤቱ ይላካቸው። «ማን አስተማረህ? መጀመሪያ ምን ሰበርህ? ያጣኸውን በምን ተካህ? ማን ረዳህ?» ብለው ይጠይቁ። ካድሬው ሠራተኛውን በመድረክ ከማወደሱ በፊት ስሙን ይወቅ። ደራሲውም የድሉን ቀን ወደ መጨረሻው ገጽ አቆይቶ ለተሰበሩት ዕቃዎች ሰፊ ቦታ ይስጥ። ጋላቢው ፎካሪ አያጣም፤ ለሠሪው ግን ጸሐፊ ያስፈልገዋል።