ስለ ማሳተም የማያወራው የማሳተም መድረክ

የሥነ ጽሑፍ መድረኮቻችን ደራሲ መሆን ምን ያህል ክቡር ነገር እንደሆነ አሳምረው ይነግሩናል። መጽሐፍ እንዴት እንደሚወጣ ግን አይነግሩንም። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ያለፉትን ጥቂት ዓመታት የመጽሐፍ ምረቃ፣ የፓናል ውይይት፣ የሁለት ቀን ዎርክሾፕ፣ የመጽሐፍ አውደ ርዕይ ንግግር ምናምን ሳልል እየዞርኩ ገብቻለሁ። ቀን ቀን ኮድ እጽፋለሁ፣ ማታ ማታ አጫጭር ልቦለድ። ላፕቶፔ ውስጥ አሥራ አንድ ታሪክ የያዘ ፎልደር አለ። ወደነዚህ መድረኮች የምሄደው ያ ፎልደር እንዴት መጽሐፍ እንደሚሆን ለማወቅ ነው።

መጽሐፍ እንደሚገመገመው ሁሉ መድረክም መገመገም አለበት ባይ ነኝ። እሱም መዋቅር አለው፣ ገጸ ባሕርይ አለው፣ የሚናገረውና የሚዘለው ነገር አለው።

መዋቅሩን ታውቁታላችሁ። በሰዓቱ አይጀመርም። ከዚያ የክብር እንግዳው ይናገራሉ። ቀጥሎ «የንባብ ባህላችን ሞቷል» የሚል ሙሾ ይወርዳል፤ የሚወርደው እንግዲህ ቅዳሜውን ሰውቶ ስለ መጽሐፍ ለመስማት ለመጣ ሰው ነው። ከዚያ የደራሲው የሕይወት ታሪክ፣ ከዚያ ግጥም፣ ከዚያ ዋሽንት። መድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ «ሁለት ጥያቄ ብቻ» ይላል። ያኔ ነው ከኋላ ወንበር አንዷ ማይኩን ይዛ «የጻፍኩት ነገር ነበረ፣ ማሳተም የምችለው እንዴት ነው?» የምትለው። መልሱ አገር ያወቀው ነው፦ «አይዞሽ፣ ተስፋ አትቁረጪ፣ ብዙ አንብቢ፣ ጊዜው ሲደርስ ይወጣል።» ይጨበጨባል። ሦስት ሰዓት ከፈጀ ፕሮግራም ውስጥ ማሳተም የደረሰው ሁለት ደቂቃ ነው።

ገጸ ባሕርያቱም እንደዚያው ናቸው። ዋናው ሰው ሁሌ የተቸገረውና የጸናው ደራሲ ነው። አርታኢው የለም። ገጽ የሚያቀናብረው፣ ሽፋን የሚሠራው፣ አታሚው፣ አከፋፋዩ፣ መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ ከካፌ ካፌ የሚያዞረው ልጅ፣ ማንም የለም። ታሪኩ የሚያልቀው መጽሐፉ በወጣበት ቀን ነው። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ግን ከዚያ ቀን በፊት ስላለው ስድስት ወርና ከዚያ በኋላ ስላለው ሁለት ዓመት ነው።

ለማነጻጸር ያህል አሜሪካን እንይ። እዚያ የጸሐፊዎች ጉባኤ የቆየ ነገር ነው፤ ቨርሞንት ውስጥ የሚካሄደው የብሬድ ሎፍ ጉባኤ ከእ.ኤ.አ. 1926 ጀምሮ ነበር። በዚያ አገር ትልልቆቹ አሳታሚዎች በአብዛኛው ከማያውቁት ሰው በቀጥታ የመጣ ረቂቅ አይቀበሉም። መሀል ላይ ወኪል አለ። ወኪሉ ረቂቁን ወስዶ ለአሳታሚ ይሸጣል፣ ከደራሲው ገቢም ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ጉባኤዎች ከወኪል ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኝ ጥቂት ደቂቃ ያዘጋጃሉ፣ አንዳንዶቹም ለዚያ ለብቻው ያስከፍላሉ። ነገርየው የራሱ ጉድ አለው፤ ተስፋን በደቂቃ መቸርቸርም ነው። ግን ቢያንስ ጉባኤው የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው አለ፣ ጉባኤው እሱ ጋ ያደርሳችኋል።

እኛ አገር በሩ ላይ ዘበኛ የለም። ያለው ገንዘብ ተቀባይ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ የሚባል የመንግሥት አሳታሚ ድርጅት ነበር፤ ረቂቅ ይቀበላል፣ ያስገመግማል፣ ያሳትማል፣ ሳንሱሩም አብሮት አለ። ዛሬ አሳታሚዎች ባይጠፉም የመጀመሪያ መጽሐፉን የሚያወጣ ሰው በአብዛኛው የማተሚያውን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። ማለትም አሳታሚው ራሱ ነው። ይህ ከሆነ «እንዴት ላሳትም?» የሚለው ጥያቄ በትዕግሥት አይመለስም። የሚመለሰው በሂሳብ ነው። ሂሳቡን ደግሞ መድረክ ላይ ማንም ጽፎ አያሳየንም።

እስቲ እኛ እንሥራው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የምወስደው፣ እናንተ በየማተሚያ ቤቱ የጠየቃችሁትን ዋጋ አስገቡበት። 1,000 ኮፒ፣ አንዱ በ200 ብር ቢታተም 200,000 ብር ነው። ለአርታኢ 30,000፣ ለገጽ ቅንብርና ለሽፋን 20,000 ጨምሩ። ድምሩ 250,000 ብር። የመሸጫ ዋጋው 400 ብር ይሁንና አከፋፋይና ሻጭ 35 በመቶ ይውሰዱ፤ ከአንድ መጽሐፍ እጃችሁ የሚገባው 260 ብር ነው። ወጪያችሁ የሚመለሰው 962ኛው ኮፒ ሲሸጥ ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩት 38ቱ ናቸው ትርፍ፣ 9,880 ብር። አሁን ለምረቃው ዕለት ለክብር እንግዳ፣ ለዘመድ፣ ለጋዜጠኛ 50 ኮፒ በስጦታ ስጡ። የቀረው 950 አንድም ሳይተርፍ ቢሸጥ እንኳ 3,000 ብር ከስራችኋል። የአዳራሹንና የቆሎውን ሳንቆጥር።

ይህ ሂሳብ ሁሉም እንዲተው አይደለም የሚሠራው። 500 ቢታተምስ? ገጹ ከ300 ወደ 180 ቢወርድስ? ቅድመ ክፍያ ከአንባቢ ቢሰበሰብስ? እያንዳንዱ ምርጫ ቁጥሩን ይለውጠዋል። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ መሆኑንና ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ለገበያ መለቀቁን ስትጨምሩበት፣ ባለፈው ዓመት የተነገራችሁ ዋጋ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ወረቀቱ ስንት ግራም እንደሆነ የማያውቅ ደራሲ ምን ላይ እንደሚደራደርም አያውቅም።

መድረኮቹ የሚተርኩልን ታሪኮች ራሳቸው ጠጋ ብለን ካየናቸው ይህንኑ ይላሉ። ሦስቱን የማይሰማ ሰው የለም።

አንደኛው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ታተመ፣ ትልቅ ሥራ ነው፣ ስለዚህም ሕዝብ ወደደው፤ እንዲህ ነው የሚነገረው። ትልቅ ሥራነቱ አያከራክርም። ግን መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለወንጌልን ያወቃቸው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ነው። ማተሚያ ያላደረሰውን ድምፅ አደረሰው። ይህ ለናፍቆት ብቻ የሚነሳ ወሬ አይደለም፤ ስለ ስርጭት የተሰጠ ትምህርት ነው። ዛሬ ፖድካስትና ትረካ ለሚሠራ ልጅ በቀጥታ ይመለከተዋል።

ሁለተኛው የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ነው። በይዘቱ ምክንያት ለአስርት ዓመታት ሳይታተም በረቂቅነቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መድረኩ ከዚህ የሚያወጣው ትምህርት «ታገሱ» የሚል ነው። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ማተሚያው በተዘጋበት ዘመን እንኳ አንባቢ ራሱ አከፋፋይ ሆነ። ዛሬ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ የሚዞረውን መጽሐፍ «ሌብነት» ብለን ብቻ ከማለፋችን በፊት፣ አንባቢው የት እንደተሰበሰበም እያሳየን መሆኑን ማየት ይቻላል። የደራሲውን እንጀራ መቀማቱ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

ሦስተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ኩራዝ አሳተመው፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉም በ1976 የገባበት ጠፋ። ስለ ድፍረቱ የሚነገረው ሁሉ ይገባዋል። ግን አንድ ነገር አብሮ መነገር አለበት፦ የማተሚያውንም የመደብሩንም ቁልፍ አንድ አካል ሲይዘው ማውጣትም መሰብሰብም የሱ ይሆናል።

ሦስቱም ታሪኮች ስለ መንገድ ናቸው። ሥራው በማን በኩል፣ በምን ላይ ተጭኖ፣ ማን ፈቅዶ አንባቢ ጋ እንደደረሰ ነው የሚናገሩት። እኛ ግን ስለ ጽናት ብቻ አድርገን ስንሰማቸው ኖርን።

መድረኩ የሚዘላቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። አርትዖት ሲባል ሆሄ ማረም ይመስለናል። «ሦስተኛው ምዕራፍ አያስፈልግም፣ ታሪኩ የሚጀምረው ገጽ 40 ላይ ነው» የሚለን ሰው ግን ከሆሄ አራሚ ይለያል፤ እሱን እንዴት እንደምናገኘውና ምን ያህል እንደሚከፈለው የነገረኝ ፓናል የለም። ውልም አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ማሳተም ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የ28 ዓመት ወጣት ዛሬ «መብቱን አስተላልፌያለሁ» ብሎ ሳያነብ የሚፈርማት አንዲት ገጽ የልጅ ልጆቹ ጉዳይ ናት ማለት ነው።

ከሁሉ ትንሽ የሚመስለው ፋይሉ ነው፣ ይሄ እንኳ የሙያዬ ስለሆነ ልናገር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ረቂቅ አሁንም አለ። እንዲህ ያለው ፋይል ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል። መጽሐፋችሁን በዩኒኮድ አስተይቡ። ሥራው ሲያልቅም የታተመውን ኮፒ ብቻ አትረከቡ፤ የመጨረሻውን ፋይል ከገጽ አቀናባሪው ተቀበሉ። ያለበለዚያ ለሁለተኛው እትም እንደገና ለቃሚና ለአራሚ ልትከፍሉ ነው።

«ሥነ ጽሑፍ ንግድ አይደለም፣ እናንተ የዘመኑ ልጆች ሁሉን በቁጥር ታያላችሁ» የሚሉ ታላላቆች አሉ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ወረቀቱ ንግድ ነው። ቁጥሩን አለማንሳት ሥነ ጽሑፉን ከንግድ አያድነውም፤ ደራሲውን ብቻ ነው ዓይኑን ጨፍኖ ገበያ የሚያስገባው።

የመድረኮቹን በጎነት ግን አልክድም። ራስ ሆቴል ይደረግ የነበረው ግጥም በጃዝ ሰው ትኬት ቆርጦ ግጥም ሊሰማ እንደሚመጣ አሳይቷል። ይህ ከመቶ «የንባብ ባህል ሞቷል» ንግግር ይበልጣል። ብቻውን ሲጽፍ የከረመ ሰው እንደሱ ያሉ ሌሎች መኖራቸውን ሲያይ የሚሰማው ነገርም ቀላል አይደለም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ስለ ማሳተም የማውቀውን አብዛኛውን ያገኘሁት እነዚሁ ዝግጅቶች ላይ ነው፤ በሻይ ሰዓት። አንድ ታላቅ ወንድሜ የሚሆን ደራሲ፣ ሳሎኑ ውስጥ በካርቶን የተከመረ መጽሐፍ ያለው፣ ብርጭቆውን ይዞ «ስማ ወንድሜ፣ አንድ ሺህ ከማሳተምህ በፊት የሚገዙህን ሦስት መቶ ሰዎች በስማቸው ጻፍ። ዝርዝሩ መቶ ላይ ከቆመብህ አንተም ቁም» አለኝ። ያ ሰው መድረክ ላይ አልተጋበዘም። ያልተጋበዘውም መጽሐፉ ስላልተሸጠለት ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች አንድ ሲስተም ሲወድቅ ቁጭ ብለን ምን እንደተበላሸ፣ መቼ እንደታወቀ፣ ምን ቢደረግ ይሻል እንደነበር እንጽፋለን። ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም፣ ቀጣዩ ሰው እዚያው ጉድጓድ እንዳይገባ ነው። የሥነ ጽሑፍ መድረካችን ግን የተሳካለትን ብቻ ይጋብዛል። ከሺህ ኮፒ ስድስት መቶ የቀረበት ደራሲ ከአንድ ባለ ዝና የበለጠ የሚያስተምረን ነገር አለው።

ስለዚህ ለአዘጋጆች አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ወጪም የለውም። በሚቀጥለው ዝግጅት አንድ ሰዓት ስጡን። አንድ አርታኢ፣ አንድ ገጽ አቀናባሪ፣ አንድ አከፋፋይ፣ አንድ መጽሐፉ ያልተሸጠለት ደራሲ አስቀምጡ። ነጭ ሰሌዳ ይኑር። ስንት አሳተማችሁ፣ ስንት ከፈላችሁ፣ ስንት ቀረ፣ ገንዘቡ በስንት ወር ተመለሰ የሚለው ይጻፍበት።

ሂሳቡ በሹክሹክታ እስከቀጠለ ድረስ የሚጎዳው ለሁሉም እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ያለ፣ ዘመዱ ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ ሩብ ሚሊዮን ብር ቢከስር ቤቱ የማይናጋ ሰው ማሳተሙን ይቀጥላል። ወልድያ ሆና በስልኳ የምትጽፈዋ መምህርት ግን ወይ ከዕቁቧ አውጥታ ሳታውቀው ትከስራለች፣ ወይ ደብተሯን ትዘጋለች። የሁለተኛዋን መጽሐፍ መቼም አናየውም፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ እንኳ የምንፈርድበት ዕድል አይኖረንም።