የመክሊት ምሳሌ ሲተረጐም ስለሚሳተው ነገር

በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ ፳፭ የተጻፈውን የመክሊት ምሳሌ የሚተረጕሙ አንዳንዶች፥ ሰነፉ አገልጋይ ጥቂት ስለ ተሰጠው ተስፋ ቈርጦ ቀበረ ይላሉ። ይህ ትርጓሜ ለጆሮ ያማረ ቢመስልም ከንባቡ ጋራ አይስማማም። አንድ መክሊት በዚያ ዘመን ሚዛን ፷፻ ዲናር ያህል ነበረና፤ ዲናርም በዚያው ወንጌል በምዕራፍ ፳ እንደ ተጻፈ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። እንግዲህ ሰነፉ የተቀበለው የ፳ ዓመት ያህል ደመወዝ ነው እንጂ ጥቂት አይደለም። እርሱም ራሱ ጌታውን ጨካኝ ብሎ ከሰሰ እንጂ ስጦታው አነሰኝ ብሎ አላመለከተም።

ዳግመኛም ይህን ምሳሌ በሉቃስ ምዕራፍ ፲፱ ካለው ከምናን ምሳሌ ጋራ ቀላቅለው የሚያስተምሩ አሉ። በሉቃስ ስጦታው እኩል ነው፥ ዋጋው ግን ይለያያል፤ ፲ ያተረፈው በ፲ ከተማ፥ ፭ ያተረፈው በ፭ ከተማ ላይ ተሾመ። በማቴዎስ ስጦታው እንደ ዓቅማቸው ይለያያል፥ ፭ ላተረፈውና ፪ ላተረፈው የተነገረው ምስጋና ግን አንድ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ይህን ምሥጢር ይሰውራል፤ በማቴዎስ የሚመረመረው የአገልጋዩ ታማኝነት እንጂ የትርፉ ብዛት አይደለምና።

ስለዚህ ዮሐንስ አፈ ወርቅ መክሊትን፥ ሰውን በመጠበቅ ቢሆን በገንዘብ ወይም በማስተማር፥ የእያንዳንዱ ዓቅም ነው ብሎ መተርጐሙ የቀና ነው። ሹም ሥልጣኑን፥ ባለጠጋ ወርቁን፥ መምህርም ዕውቀቱን ለራሱ ብቻ ቢያኖር አልሰረቀም፥ አላጠፋምም፤ ነገር ግን ቀብሯል። ሰነፉም አገልጋይ የተፈረደበት የተቀበለውን አጕድሎ ሳይሆን ሳያጐድል መልሶ ነው።