አራቱ ቀለበቶች

ኤሌክትሮዱ 1.27 ሚሊሜትር ይወፍራል። ጫፉ ላይ አራት የብረት ቀለበቶች አሉ። እያንዳንዱ ቀለበት 1.5 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ በአንዱና በሌላው መካከል የግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት አለ። አራቱም ከነክፍተታቸው ሲለኩ 7.5 ሚሊሜትር ይሆናሉ። የተሠሩት ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም ቅይጥ ነው። ፕላቲነም በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ አይዝግም፤ ብቻውን ግን ለስላሳ ስለሆነ ኢሪዲየሙ ያጠነክረዋል። ከእያንዳንዱ ቀለበት አንድ ቀጭን ሽቦ ይነሳል። አራቱ ሽቦዎች ሳይነካኩ፣ ተጠምዝዘው፣ በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይወርዳሉ። የተጠመዘዙት በምክንያት ነው፤ ቀጥ ያለ ሽቦ በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ የተጠመዘዘው ግን ይለጠጥና ይመለሳል።

ይህ ዕቃ የሚገባው የፓርኪንሰን ሕመም በጸናበት ሰው አንጎል ውስጥ ነው። ሕመሙ ዶፓሚን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ያጠፋል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ እርምጃ ያጥራል። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ለዓመታት በደንብ ይሠራል፤ ኋላ ግን የአንዱ ክኒን ኃይል የሚቀጥለው ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል፤ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ ሰውነት ያለ ፈቃድ ይወራጫል። ኤሌክትሮዱ የሚታሰበው እዚህ ለደረሰ፣ ሌቮዶፓ ግን አሁንም ለሚረዳው ሰው ነው። ሕመሙን አያቆመውም። ምልክቶቹን ያስታግሳል።

ዒላማው ሰብታላሚክ ኒውክለስ ይባላል። በአንጎል ጥልቅ ክፍል፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ አለ። በረጅሙ ጎኑ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከባቄላ ፍሬ ያንሳል። እንቅስቃሴን የሚመለከተው የላይኛው፣ ወደ ውጭና ወደ ኋላ ያለው ክፍሉ ብቻ ስለሆነ፣ ከአራቱ ቀለበቶች ዋናውን ሥራ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው። ጎረቤቶቹ ስህተትን አይታገሡም። ወደ ውጭ በኩል፣ ከአንጎል ቅርፊት ወደ ፊትና ወደ እጅ ትእዛዝ የሚያወርዱ የነርቭ ክሮች ጥቅል አለ፤ ኤሌክትሪኩ ወደዚያ ከፈሰሰ ከንፈር ይሳባል፣ ንግግር ይተሳሰራል። ወደ ውስጥ በኩል ዓይንን የሚያዙ የነርቭ ክሮች ያልፋሉ፤ እዚያ ሲደርስ አንድ ዓይን ከቦታው ይዞርና ነገሩ ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታያል። ከኋላ የስሜት መንገድ አለ፤ እሱ ሲነካ እጅ ይነዝራል፣ ንዝረቱም አይለቅም። በሚጠቅም ቦታና በሚጎዳ ቦታ መካከል ያለው ርቀት 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ሥራው የተጀመረው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ግሮኖብል ከተማ፣ በ1987 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን መንቀጥቀጥን ለማስቆም ታላመስ በተባለ የአንጎል ክፍል ውስጥ ትንሽ ቦታ ያቃጥሉ ነበር። ከማቃጠላቸው በፊት ትክክለኛው ቦታ ላይ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። አሊም ሉዊ ቤናቢድ የተባለው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ይህን ሲያደርግ፣ ምቱ በሰከንድ 100 ያህል ሲደርስ መንቀጥቀጡ ቀጥ ማለቱን፣ ሲያጠፋው መመለሱን አስተዋለ። ስለዚህ ማቃጠሉን ተወና ኤሌክትሮዱን እዚያው አስቀረው። የተቃጠለ አይመለስም፤ ኤሌክትሮድ ግን ይጠፋል፣ ይቀነሳል፣ ካስፈለገም ይወጣል። የዚህ ሙያ ብልሃት ሁሉ የመነጨው ከዚህ ይመስለኛል፦ እጅ ሥራውን ከጨረሰ በኋላም እርማት የሚቀበል ሥራ ነው። ሰብታላሚክ ኒውክለስ ላይ የተደረሰው ትንሽ ቆይቶ ነው። በ1990 እነ ማሎን ዲሎንግ በጦጣዎች ላይ ይህ ክፍል ሲጎዳ የፓርኪንሰን ምልክቶች እንደሚቀሉ አሳዩ፤ በ1993 የግሮኖብሉ ቡድን በሰው ላይ ሞከረው።

አሁን ወደ መለኪያው። ስዊድናዊው ላርስ ሌክሴል በ1949 ይፋ ያደረገው የራስ ክፈፍ ዛሬም በብዙ ቀዶ ክፍሎች ይሠራበታል። አራት ማዕዘን የብረት ክፈፍ ነው፤ በአራት ብሎኖች ከራስ ቅል ጋር ይያያዛል፤ ቆዳው ብሎኖቹ በሚያርፉበት ቦታ ብቻ ይደነዝዛል። ለምስል ሲሄዱ ክፈፉ ላይ የፕላስቲክ ሳጥን ይገጠማል። በሳጥኑ ጎኖች ላይ መስመሮች አሉ፤ ሁለቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ሦስተኛው ከአንደኛው እግር ወደ ሌላው ራስ በሰያፍ ይወጣል። የኤምአርአይ ወይም የሲቲ ምስል አንጎሉን አግድም ሲቆርጠው ሦስቱ መስመሮች ሦስት ነጥብ ሆነው ይታያሉ። መካከለኛው ነጥብ ወደ አንደኛው ከቀረበ ቁርጡ ዝቅ ያለ ነው፤ ወደ ሌላው ከቀረበ ከፍ ያለ። በጠፍጣፋ ምስል ላይ ከፍታ የሚነበበው በዚህ ነው። አንድ ሰያፍ መስመር ይህን ሁሉ ሥራ ይሠራል።

ቦታውን በሁለት መንገድ ያወጡታል። አንደኛው በስሌት ነው። በአንጎል መካከል ግራና ቀኙን የሚያገናኙ ሁለት ትናንሽ የክር ድልድዮች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ በምስል ላይ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ርቀታቸው 25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከመካከላቸው ተነስቶ ወደ ጎን 12፣ ወደ ኋላ 2 ወይም 3፣ ወደ ታች 4 ሚሊሜትር ሲኬድ ዒላማው አካባቢ ይደረሳል። ሁለተኛው በዓይን ነው፤ ኒውክለሱ ብረት ስላለበት በአንድ ዓይነት የኤምአርአይ ምስል ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ እንደገና ይለካል።

ከዚያ በክፈፉ ላይ ግማሽ ክብ ቅስት ይገጠማል። ከቅስቱ እስከ መሐሉ ያለው ርቀት 190 ሚሊሜትር ነው። ሐኪሙ ቅስቱን በሦስት አቅጣጫ በሚሊሜትር እየገፋ እምብርቱን በትክክል ዒላማው ላይ ያሳርፋል። ከዚህ በኋላ መርፌው ከቅስቱ ከየትኛውም ነጥብ ቢነሳ፣ በየትኛውም ማዕዘን ቢያዘነብል፣ 190 ሚሊሜትር ሲወርድ የሚደርሰው እዚያው ነው። መድረሻው ተቆልፏል፤ መነሻው ነጻ ነው። ሐኪሙ ይህን ነጻነት የደም ሥር ለመሸሽ፣ የአንጎልን ስንጥቅና ፈሳሽ የሞላበትን ጓዳ ላለመንካት ይጠቀምበታል። በዚህ ሙያ ካየኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ ከዚህ ቅስት የበለጠ የታሰበበት አላውቅም።

የራስ ቅሉ ላይ የሚከፈተው ቀዳዳ 14 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአንጎሉ ሽፋን ሲከፈት አንጎሉ የተንሳፈፈበት ፈሳሽ መውጣት ይጀምራል፤ ፈሳሹ ሲጎድል አየር ይገባል፣ አንጎሉም በሚሊሜትሮች ዝቅ ይላል። ያኔ በምስል የተለካው ቦታ ከቁጥሩ ይሸሻል። ስለዚህ ሽፋኑ በጠባቡ ይከፈታል፣ ዙሪያው በፍጥነት በማጣበቂያ ይደፈናል።

ኤሌክትሮዱ ከመግባቱ በፊት ብዙ ቦታ ጫፉ በማይክሮን የሚለካ የመቅጃ ሽቦ ይቀድማል። በጥቂት በጥቂቱ እየወረደ የሕዋሳቱን ምት በድምፅ ማጉያ ያሰማል። ታላመስን ሲያልፍ አልፎ አልፎ ቸር የሚል ድምፅ አለ፤ ቀጥሎ ጸጥታ። ወዲያው ጥቅጥቅ ያለ፣ ሥርዓት የሌለው ጩኸት ይነሳል፤ ሰብታላሚክ ኒውክለስ ተገኘ ማለት ነው። ጩኸቱ ለ4 ወይም ለ5 ሚሊሜትር ይቀጥልና ይቆማል። ከዚያ በታች የሚሰማው ምት ፈጣንና እኩል ነው፤ እሱ ሰብስታንሺያ ኒግራ የተባለው ጎረቤት ክፍል ነው። በዚህ ሰዓት ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ንቁ ነው፤ መድኃኒቱን ከዋዜማው ጀምሮ ስላልወሰደ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ አንጓውን ይዞ ያጥፍለታል፣ ይዘረጋለታል፤ ሌላው ባለሙያ ኤሌክትሪኩን ቀስ ብሎ ይጨምራል። ግትርነቱ ከሐኪሙ ጣቶች ሥር ይለቃል። ቀጥሎ ሕመምተኛው እንዲቆጥር፣ ከንፈሩን እንዲያንቀሳቅስ፣ ወደ ጎን እንዲያይ ይጠየቃል፤ ጎረቤቶቹ መነካታቸው የሚታወቀው በዚህ ነው። አንዳንድ ሆስፒታሎች ግን ሕመምተኛውን አስተኝተው በምስል ብቻ ያረጋግጣሉ።

ኤሌክትሮዱን አቅንቶ የሚያስገባው ማጠንከሪያ ሽቦ ሲመዘዝ ዕቃው ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ቀዳዳው ላይ የሚገጠም የፕላስቲክ ቀለበት ጨብጦ ይይዘዋል። ማገናኛ ሽቦው ከቆዳ ሥር ከጆሮ ኋላ በአንገት አልፎ፣ ከማጅራት ሳይሆን ከጎን ወርዶ፣ ከአንገት አጥንት በታች ካለው ባትሪ ጋር ይገናኛል። ደም መፍሰስና ማመርቀዝ በጥቂት ሰዎች ላይ ይደርሳል፤ የቀዶ ክፍሉ ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ ስጋት ጋር የሚሄድ ነው።

ባትሪው የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ፣ እብጠቱ ሲጠፋ ነው። የተለመደው መነሻ በሰከንድ 130 ምት፣ የእያንዳንዱ ምት ርዝመት ከሰከንድ 60 ሚሊዮንኛ ነው። ሐኪሙ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ የትኛው በትንሽ ኃይል ብዙ እንደሚጠቅም፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚጎዳ ይመዘግባል።

የቅርብ ዓመታት እድገት የመጣው በዚህ በእርማቱ በኩል ነው። አሮጌው ቀለበት ኤሌክትሪኩን በዙሪያው ሁሉ እኩል ይረጫል። ካለፉት አስር ዓመታት ወዲህ ሁለቱ መካከለኛ ቀለበቶች እያንዳንዳቸው ለሦስት ተቆርጠዋል፤ አራቱ ስምንት ሆኑ። ኤሌክትሮዱ 1 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ቢያዘነብል፣ ወደ ክሮቹ ጥቅል የሚያየው ቁራጭ ይጠፋና ወደ ውስጥ የሚያየው ብቻ ይሠራል። ሌላው ማድመጥ ነው። ከ2020 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ አንድ ባትሪ፣ በዚያው ኤሌክትሮድ የአንጎሉን ሞገድ ይመዘግባል። በፓርኪንሰን በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ የሚመታው ሞገድ ይጎላል፤ መድኃኒት ሲሠራ ይቀንሳል። በ2025 መጀመሪያ እዚያው አሜሪካ፣ ኤሌክትሪኩን ከዚህ ሞገድ ጋር በራሱ የሚጨምርና የሚቀንስ አሠራር ተፈቀደ።

ባትሪው ሲያልቅ የሚከፈተው ደረት ብቻ ነው። አንጎል ውስጥ ያለው አይነካም። ከዓመታት በፊት ባለ አራት ቀለበቱ የተተከለለት ሰው፣ መሰኪያው ከገጠመ፣ በባትሪ ቅያሬ ብቻ የሚያደምጠውን መሣሪያ ያገኛል።