ኮፍያው ሲወልቅ

የ45 ቀን ክትባት በምንሰጥበት ጠዋት የጮቄ ተራራ ብዙውን ጊዜ ጉም እንደለበሰ ነው። እናቶች ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለው፣ በላዩ ነጠላ ደርበው ወደ ጤና ኬላው ይመጣሉ። ተፈትቶ ጭኑ እስኪገለጥ ጊዜ ይወስዳል። ኮፍያውን ግን ማንም አያወልቅም፤ መርፌው ለጭን ነው፣ ከራስ ምን ጉዳይ አለው? «እስቲ አናቱን ልየው» የምለው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እናቲቱ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«ቆረቆር ይሆን እንዴ?»

ኮፍያው ሲወልቅ ከግንባሩ በላይ እስከ መሐል አናቱ ቢጫ፣ ወዛም ቅርፊት ተለጥፎ ይታያል። ቆረቆር አይደለም። ቆረቆር ፀጉር እየሰበረ ክብ ክብ አድርጎ የሚመልጥ ፈንገስ ነው፤ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ከፍ ያሉትን ልጆች ነው። ይሄኛው አያሳክክም፤ ሕፃኑ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ነገሬም አይለው። ከእናቱ የወረሰው ሆርሞን የወዝ ዕጢዎቹን ስለሚቀሰቅስ ነው ይባላል። ወዙ ሲበዛ መርገፍ የነበረበት ቆዳ እዚያው ይጋገራል። በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖረው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስም እጁ አለበት። ከእናት ንዝህላልነት አይመጣም፤ ወደ ሌላ ልጅም አይጋባም። ብዙውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላው በራሱ ይጠፋል።

ታዲያ ለምን ይነካል? ክርስትና አለና። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ ቅርፊቱ የሚበረታውም በዚያው ሰሞን ነው። በካህኑና በዘመድ ፊት ልጇን እንዲህ ማቅረብ የምትወድ እናት የለችም። ስለዚህ ከዋዜማው በጥፍር፣ በሚዶ፣ አንዳንዷም በምላጭ ታነሳዋለች። ልፈርድባት አልችልም። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት እኔም አንዱን ቅርፊት ጫፉ ተነስቶ ሳየው በጥፍሬ ሳብ አደረግሁት። ፀጉሩን ይዞ መጣ፤ ሥሩ ደም አዘለ። እናቲቱ ምንም አላለችኝም፤ ኮፍያውን መልሳ አጠለቀችለት። ዝምታዋ ከስድብ ባሰብኝ።

እኔ የምሠራበት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ በዚህ ቅርፊት ስም የተጠራ አንድም አልነበረም። ስለዚህ ብዙውን ከአያቶች ጋር እየተከራከርኩ ነው የተማርኩት።

ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚወጣው መንገድ አንድ አራስ ልጠይቅ ገባሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ሳልጨርስ የሕፃኑ አናት በቅቤ ሲያብረቀርቅ አየሁ። አያትየው ቀደሙኝ።

«አናቱ ቅቤ ካልጠጣ እርግብግቢቱ በምን ይገጥማል ልጄ?»

እርግብግቢት አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ በራሱ ይገጥማል፤ ቅቤ አያፈጥነውም። ነገር ግን አያቶች የዕውቀቱን ግማሽ ይዘውታል። ደረቅ ቅርፊት መራስ አለበት፤ ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። የጎደለው ግማሽ ማጠቡ ነው። ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፤ ውሃ አናት ከነካው ልጁ ይታመማል ብለው ይሰጋሉ። እርግብግቢቱም ስለሚመታ ጣት ማሳረፍ ያስፈራል። እናም የዛሬው ቅቤ በትናንቱ ላይ ይደረባል፤ ቅርፊቱም ከነቅባቱ ይወፍራል። ማላሴዚያ የሚመገበው ደግሞ ይህንኑ ቅባት ነው። ለዚህ ነው ከቅቤ ቫዝሊን የምመርጠው። ዋናው ልዩነት ግን ቅባቱ በዚያው ሰዓት ተመልሶ መውረዱ ነው።

«እማማ፣ እስቲ ይያዙልኝ» አልኳቸው። በሩ ተዘጋ፣ ውሃው ለብ አለ፤ በክርናቸው ለኩት። ቅቤውን በጨርቅ ጠርጌ ቫዝሊን ስስ አድርጌ ቀባሁና ቡና እስኪፈላ ተውነው። ሕፃኑ አንገቱ ድረስ እንደተጠቀለለ ብብታቸው ሥር ገባ፤ ከውጭ የቀረው ራሱ ብቻ ነው። ለስላሳ ጨርቅ አርጥቤ፣ ጥቂት የሕፃን ሳሙና ነካ አድርጌ አናቱን በክብ አሸሁት። እርግብግቢቱ ላይ ስደርስ የአያትየው እጅ እጄን ያዘ። ከሥሩ ጠንካራ ሽፋን እንዳለ፣ በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ ማሸት እንደማይጎዳው ነገርኳቸው። የሚያሳስበው ሲሰረጉድ ወይም ሲነፋ ነው አልኳቸው። ለቀቁኝ። በመጨረሻ ነጩ ጨርቅ ላይ የወጣው ጥቂት ፍርፋሪ ነበር፤ የቀረው አናቱ ላይ ቀረ። አለቅልቄ አደረቅሁለት።

የትኛው ቅባት እንደሚበልጥ ሳይንሱም ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. 6 ጥናቶችን መርምሮ ማስረጃው እጅግ ደካማ መሆኑን ነው የጻፈው። ይህን ሳነብ ቅር አላለኝም። በራሱ የሚጠፋን ነገር በምን እንደጠፋ ማረጋገጥ ይከብዳል።

አጥብቄ የምከለክለው አናቱን በነጭ ሽንኩርት ማሸት ነው፤ ስስ ቆዳን ያቃጥላል። ከፋርማሲ በግምት የተገዛ ቅባትም እንዲሁ። ቅርፊቱ ውሃ ካዘለ፣ ከሸተተ፣ ወደ ገላ ከተዛመተ፣ ወይም ልጁ ካተኮሰውና ጡት እምቢ ካለ ጤና ጣቢያ እንጂ ቫዝሊን አይደለም መፍትሔው።

ስወጣ አያትየው ጨርቁን ወደ ብርሃን አቅርበው ፍርፋሪውን ይመለከቱ ነበር።

«ነገም ይታጠባል?»

«ነገ ይረፍ እማማ። ከነገ ወዲያ።»

«ቅቤውስ?»

«ለገንፎዋ ያድርጉላት።»