ለገሃርን ማን አስተማረን?

ሮቤ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። ሐሳቡ ዲንሾ ለሚመጡ እንግዶች አስጎብኚ መሆን ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ተስፋው ጨምሯል። እንግሊዝኛውን ይዞታል፤ አሁን የተያያዘው ፈረንሳይኛ ነው፤ ያውም የመጽሐፉን ሳይሆን የመንገዱን። «የመጽሐፉን ማን ያወራዋል ጋሼ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፈረንሳይኛን ከመጽሐፍ ብቻ ተምሮ ፓሪስ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚከዳው ጆሮው ነው። «አላውቅም» ለማለት መጽሐፉ «ዠ ነ ሴ ፓ» ብሎ አራት ቃል አስቆጥሮታል፤ መንገደኛው ግን «ሼ ፓ» ብሎት ያልፋል። «እኛ» ማለት «ኑ» ነው ተብሎ ተምሯል፤ ቡና ቤት ሲገባ የሚሰማው «ኦን» ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁን አልነቅፈውም። የምነቅፈው ደብተሩን ነው። ደብተርም ያልታተመ መጽሐፍ ነውና ሂስ ይገባዋል።

ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፤ በግራ ፈረንሳይኛው፣ በመሃል የእንግሊዝኛ ፍቺው፣ በቀኝ አማርኛው። ከቃላቱ አንዱ «መፍ» ነበር፤ ሴት ማለት ነው። ከየት እንደመጣ አልተጻፈም። የፈረንሳይ ወጣቶች ቃል ገልብጦ የመናገር ልማድ አላቸው፤ ስሙም «ቬርላን» ይባላል፤ እሱ ራሱ «ላንቬር» (የተገለበጠ) የሚለው ተገልብጦ የወጣ ነው። ላን-ቬር፣ ቬር-ላን። «ፋም» የሚለውንም ፋ-መ ብለው ከፈሉት፤ መ-ፋ ብለው ገለበጡት፤ ጭራውን ቆረጡና «መፍ» አሉት። (የኛ ፊደል ለዚህ ጨዋታ ከላቲኑ ይልቅ የተመቸ መሆኑን ልብ ይሏል።) ወረድ ብሎ «ቱቢብ» አለ፤ ሐኪም። ይህን ፈረንሳዮች የወሰዱት ሰሜን አፍሪካን በያዙበት ዘመን፣ ከዐረብኛው «ጠቢብ» ነው። ልጁ «ቱቢብ»ን ከእንግሊዝኛ ፍቺው ጋር ሲሸመድድ ከርሟል፤ የግእዙ ጠቢብ ግን የቃሉ ዘመድ ሆኖ አጠገቡ ተቀምጧል።

ከሁሉ የከፋው መካከለኛው ዓምድ ነው። የፈረንሳይኛው «ቱ» እና «ቩ» እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም «ዩ» ሆነው ይወጣሉ፤ ደብተሩም «ዩ»ን ተከትሎ ሁለቱንም «አንተ» ብሏቸዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌን «አቲ» ብሎ አያውቅም፤ በኦሮምኛ «ኢሲን» ነው የሚላቸው። ጎባ ሄዶ አማርኛ ከሚናገሩ አዛውንት ጋር ሲገናኝ «እርስዎ» ይላል። ፈረንሳዊው ሕፃን በእናቱ ቁጣ የሚማረውን ነገር እርሱ በሁለት ቋንቋ ይዞት አድጓል። በእንግሊዝኛ በኩል ሲያልፍ ግን ከእጁ ወደቀ። ሳኔቲ ላይ የሰባ ዓመት እንግዳ «ቱ» ብሎ፣ የያዛትንም የመንገድ ቃል ጨምሮ ቢያናግራቸው፣ ሴትዮዋ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ቀን ግን ሌላ አስጎብኚ ይፈልጋሉ።

የአራዳ ቋንቋ ፍቺው ቃሉ ላይ ብቻ አይደለምና። «ላሽ በል» የሚለውን ለእኩያህ ስትለው ቀልድ ነው፤ ለአባትህ ጓደኛ ብትለው ግን ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። «ፋራ»ም እንዲሁ ነው፤ ማን ማንን እንዳለው ሳይታወቅ አይፈታም።

ቀድሞ ፈረንሳይኛ ከኛ ጋር የተገናኘው በጆሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቢያው «ለገሃር» ተባለ። በፈረንሳይኛ ጣቢያ «ጋር» ነው፤ «ላ» የሴት ጾታ ምልክት ናት። ከመዝገበ ቃላት የተማረ ሰው «ላ»ን አውልቆ «ጋር» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣልን ግን እንደሰማው ከነምልክቱ የዋጠው ሰው ነው። ሐዲዱ ባሌን አያውቃትም፤ «ሾፌር» እና «ጋራዥ» ግን በመኪና መጥተው ሮቤ ላይ ከሰፈሩ ቆይተዋል።

ከደራሲዎቻችን ይህን የጆሮ ነገር ጠንቅቆ ያወቀው፣ በኔ ግምት፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው። በወጣትነቱ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ተምሯል፤ «ትኩሳት» ልብ ወለዱ የዚያን ከተማ የተማሪ ኑሮ ይዞ በ1990 ዓ.ም ታትሟል። የውቤ በረሃን ሌሊት የሚተርከው «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ በፍራንሲስ ፋልሴቶ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ፈረንሳይ አገር አክት ሱድ አሳትሞታል። ብዙ ሰው ስብሐትን የሚያነሣው ባለጌ ቃል በመድፈሩ ነው። ተከታዮቹም ቃሉን ወሰዱ፤ ጆሮውን ተዉት። የስብሐት ችሎታ ሴትዮዋ ለደንበኛዋ የምትናገርበትንና ለጓደኛዋ የምትናገርበትን አፍ መለየቱ ላይ ነው። እንከን የለውም አልልም፤ ለኔ ጆሮ «ትኩሳት» ውስጥ ፈረንጆቹ አንዳንዴ የአዲስ አበባ ልጆች ይመስላሉ። ይሁንና ቤቱ ኦሮምኛ ለሚነገርበት የሮቤ አንባቢ የውቤ በረሃ አማርኛ ራሱ የባዕድ ያህል ነው፤ ሆኖም ማን ለማን እንደሚናገር ከጭውውቱ ስለሚገባው፣ የማያውቀውን ቃል ሳይጠይቅ ይፈታዋል።

ይህንኑ ለልጁ ነገርኩት። መካከለኛውን ዓምድ አውጣና በቦታው «ለማን» ብለህ ጻፍ አልኩት። ጥቂት አሰበና «ቩ» ከሚለው አጠገብ «ኢሲን» ብሎ ጻፈ፤ ለዚያ አማርኛም አላስፈለገው። ከዚያ ጣቱን «መፍ» ላይ አሳረፈ።

«ይቺንስ ለማን ነው የምላት?»

«ለጊዜው ለማንም» አልኩት።